ከለንደን ወጥተን ኬንት መንደር ውስጥ ቤት እንግዛ?

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። «ባለቤቴና እኔ ደቡብ ለንደን ተከራይተን ነው የምንኖረው። እኔ ለንደን ብሪጅ አካባቢ ያለ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። እሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የ9 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን። ኬንት ክፍለ አገር ውስጥ ከሄድኮርን መንደር 3 ማይል ወጣ ብሎ በጣም የሚያምር የድሮ ቤት አገኘን። ዋጋው 425,000 ፓውንድ ነው። ሻጩ ተስማምቷል፣ ስለዚህ ቤቱ የእኛ ሆኗል። ባንኩም ሰው ልኮ አይቶታል። የመጀመሪያ ቤታችን ስለሆነ ስታምፕ ዱቲው (ቤት ሲገዛ ለመንግሥት የሚከፈለው ግብር) 6,250 ፓውንድ ብቻ ነው ተብለናል። ባለቤቴ አዲስ አበባ በዕጣ የደረሰው ኮንዶሚኒየም አለው፣ ግን እሱ እዚህ አገር አይደለም። ያጠራቀምነው 60,000 ፓውንድ ሲሆን 18,000ው የዕቁብ ነው። ባቡሩ አንድ ሰዓት ያህል ነው ይላሉ። እንግዛው?»

ከኮንዶሚኒየሙ ልጀምር። ትልቁ ገንዘብ ያለው እሱ ላይ ነው። «እዚህ አገር አይደለም» የሚለው ሐሳብ ብዙ የአገራችንን ሰው አሳስቷል። የስታምፕ ዱቲ ሕግ «የመጀመሪያ ገዢ» የሚለው በዓለም ላይ የትም ቦታ የመኖሪያ ቤት ኖሮት የማያውቅን ሰው ነው። ጀሞ ያለ ኮንዶሚኒየም ከለንደን ፍላት እኩል ይቆጠራል። ተገዛ፣ በዕጣ ደረሰ፣ ከወላጅ ተወረሰ፣ ለውጥ የለውም። ሁለት ሰው አብሮ ሲገዛ ደግሞ ሁለቱም የመጀመሪያ ገዢ መሆን አለባቸው። ስለዚህ የባለቤትዎ ስም ባለቤትነቱ ላይ ከገባ 6,250 የሚባለው ሒሳብ ቀርቷል።

ቁጥሩን ላስቀምጠው። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ባለው ስሌት የመጀመሪያ ገዢ እስከ 300,000 ምንም አይከፍልም፣ ከዚያ በላይ እስከ 500,000 ላለው 5 በመቶ ይከፍላል። 425,000 ላይ 6,250 የሚመጣው ከዚህ ነው። የመጀመሪያ ገዢ ያልሆነ ሰው ለዚሁ ቤት 11,250 ይከፍላል። ሌላ ቤት እያለው የሚገዛ ሰው ግን ከኦክቶበር 2024 መጨረሻ ወዲህ በጠቅላላው ዋጋ ላይ 5 በመቶ ይጨመርበታል። ያ ሲሆን ድምሩ 32,500 ፓውንድ ይሆናል። ካሰባችሁት በ26,250 ይበልጣል። ካላችሁ 60,000 ውስጥ ከግማሽ በላዩ በአንድ ቀን ለግብር ሄደ ማለት ነው።

ጭማሪው የሚመጣው ያኛው ቤት 40,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ የሚያወጣ ከሆነ ነው። የሚቆጠረው ድሮ የተከፈለበት ገንዘብ ሳይሆን እዚህ ቁልፍ በምትረከቡበት ቀን ያለው የገበያ ዋጋ ነው። ቀሪ የባንክ ዕዳ ቢኖርበትም ከዋጋው አይቀነስም። ስለዚህ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ በጽሑፍ የተሰጠ ግምት ያስፈልጋችኋል። ደላላ በስልክ የነገራችሁ አይበቃም።

«እሺ፣ በእኔ ስም ብቻ ልግዛዋ» ይሉኝ ይሆናል። ኮንዶሚኒየሙ ከ40,000 በታች ከሆነ ይህ መንገድ ይሠራል። እርስዎ ቤት ኖሮዎት ስለማያውቅ 6,250 ብቻ ይከፍላሉ። ከ40,000 በላይ ከሆነ ግን አይሠራም። አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት ለዚህ ጭማሪ እንደ አንድ ሰው ነው የሚታዩት። የእሱ ቤት የእርስዎም ሆኖ ይቆጠራል። ሌላው ችግር ብድሩ ነው። ባንኮች በአብዛኛው የሚያበድሩት የዓመት ገቢን አራት ተኩል እጥፍ ያህል ነው። በአንድ የነርስ ደመወዝ ይህ ቤት አይገዛም። ሁለታችሁም ብድሩ ላይ ሆናችሁ ባለቤትነቱ ላይ እርስዎ ብቻ የሚገቡበት የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ዓይነት አለ። የሚሰጡት ባንኮች ግን ጥቂት ናቸው። ባለቤትዎም ዕዳው ላይ ገብቶ ቤቱ ላይ ስሙ የለም ማለት ስለሆነ የራሱ ጠበቃ ሊያማክረው ይገባል።

ኮንዶሚኒየሙ እዚህ ቁልፍ ከመረከባችሁ በፊት ከተሸጠ ጭማሪው ይቀራል። ሁለታችሁም ስም ላይ ሆናችሁ 11,250 ትከፍላላችሁ። ለዚህ ግን ጊዜ ያስፈልጋል። ውክልና ማዘጋጀት፣ በኤምባሲ ማረጋገጥ፣ ገዢ መፈለግ፣ ስም ማዛወር አለ። በሳምንት የሚያልቅ ነገር አይደለም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልለምናችሁ። «ሶሊሲተሩ (የግዢውን ውል የሚያስፈጽመው ጠበቃ) የት ያውቃል» ብላችሁ እንዳትደብቁ። በዓለም ላይ ሌላ ቤት አላችሁ ወይ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ፣ መልሱም በፊርማችሁ ይሄዳል። ውሸቱ ከተገኘ ግብሩ ከቅጣትና ከወለድ ጋር ይመጣል። «በወንድሜ ስም ነው ያለው» የሚለውም ብዙ አያስጥልም፣ የሚታየው እውነተኛው ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው።

ወደ ዕቁቡ ልምጣ። እዚህ አገር ሶሊሲተሩም ባንኩም እያንዳንዱ ሺህ ፓውንድ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለባቸው። ዕቁብ ሕገወጥ ነገር አይደለም፣ ችግሩ ወረቀት የለውም። በአንድ ቀን 18,000 ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ ሒሳብዎ ውስጥ ከገባ ፋይሉ እዚያው ይቆማል። የወጣልዎ በባንክ ከሆነ ጥሩ ነው። ለዕቁቡ በየወሩ የከፈሉበትን የባንክ መግለጫ ያውጡ። ዳኛው ወይም ጸሐፊው አሠራሩን፣ የአባላቱን ብዛት፣ መጠኑንና የደረሰዎትን ቀን ጽፎ ይፈርም። ይህን አሁን ያድርጉት። በዚህ ምክንያት ብቻ ለወራት ተጓትቶ ሻጩ ጥሎ የሄደበትን ፋይል በእጄ ይዣለሁ።

ሦስተኛው ስሕተት «ቤቱ የእኛ ሆኗል» የሚለው ነው። አልሆነም። እንግሊዝ ውስጥ ሻጩ እሺ ማለቱ ማንንም አያስርም። ሁለቱ ወገኖች በሶሊሲተሮቻቸው በኩል የተፈረመ ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ሻጩ የበለጠ የሚከፍል ካገኘ ለሌላ ሊሸጥ ይችላል፣ እርስዎም ያለ ቅጣት መተው ይችላሉ። ይህ ጊዜ ወራት ይፈጃል። ውሉ ሲለዋወጥ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ይከፈላል፣ ከዚያ በኋላ ሐሳብ ከቀየሩ እሱን ያጣሉ። አሁን ገና ነፃ ነዎት። ከዚህ በታች ለምለው ይህ ነፃነት ያስፈልግዎታል።

የባንኩ ሰውም ቤቱን ለእርስዎ አላየም። ለባንኩ ነው ያየው። የእሱ ጥያቄ «ብድሩ ባይከፈል ቤቱ ተሸጦ ገንዘባችን ይመለሳል ወይ?» የሚል ብቻ ነው። አንዳንዴ ከኮምፒውተር ሳይነሣ ነው የሚገምተው። ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ እንጨቱ እንደበሰበሰ የመንገር ግዴታ የለበትም። ለእንደዚህ ዓይነት የቆየ ቤት የሚያስፈልገው ደረጃ 3 የሚባለው ሙሉ ሰርቬይ (የቤት ምርመራ) ነው። ከ1,000 ፓውንድ በላይ ሊሄድ ይችላል፣ ግን ይገባዋል። ሰርቬየሩ የድሮ ቤት የሚያውቅ ይሁን። ከኬንት የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ የእንጨት አጥንት ያላቸውና በኖራ የተመረጉ ናቸው። ግድግዳቸው እርጥበት እያስገባና እያስወጣ ነው የሚኖረው። አንድ ሰው በደህና አስቦ በሲሚንቶ ከለሰነው እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና እንጨቱን ይበላዋል። ከውጭ ሲያዩት አዲስና ንጹሕ ነው።

የላኩልኝን የሽያጭ ማስታወቂያ አነበብኩት። ሦስት ቃላት አሉበት፦ ግሬድ ቱ ሊስትድ፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ የዘይት ማሞቂያ። ፎቶው ላይ ያለው የአበባ አጥርና የእሳት ምድጃ ልብ ይሰርቃል፣ ገንዘቡ ያለው ግን እነዚህ ሦስት ቃላት ውስጥ ነው።

ሊስትድ ማለት ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቧል ማለት ነው። ብዙ ሰው የፊት ለፊቱ ብቻ ይመስለዋል። ውስጡም ጭምር ነው። መስኮት ለመቀየር፣ ግድግዳ ለማፍረስ፣ አንዳንዴ በር ለመንቀል እንኳ ከካውንስሉ (ከአካባቢው አስተዳደር) ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። የባሰው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው ያለ ፈቃድ የፕላስቲክ መስኮት ካስገባ፣ ካውንስሉ አስተካክሉ የሚለው አሁን ባለቤት የሆነውን ሰው ነው። ለዚህ ትእዛዝ የጊዜ ገደብ የለውም። ሶሊሲተርዎ እያንዳንዱን የተለወጠ ነገር ከፈቃዱ ጋር ማመሳከር አለበት። የመድን ዋጋውንም አስቀድመው ይጠይቁ።

ሴፕቲክ ታንኩ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ቤቱ ከመንደሩ የፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፣ ከመጸዳጃና ከኩሽና የሚወጣው ሁሉ ጓሮ ውስጥ ወደተቀበረ ታንክ ይገባል ማለት ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ እንዲህ ያለ ታንክ ውሃውን በቀጥታ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ ማፍሰስ አይችልም። ወይ መሬት ውስጥ በተቀበሩ ቧንቧዎች ማሥረግ፣ ወይ ውሃውን የሚያጣራ ማሽን መትከል ግድ ነው። እዚህ ላይ የአፈሩ ነገር ይመጣል። ያ አካባቢ ዊልድ ይባላል፣ አፈሩ ከባድ ሸክላ ነው። የእኛን አገር መረሬ ያስቡ። ሲዘንብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ውሃ አያሠርግም። ስለዚህ ርካሹ መፍትሔ ብዙ ጊዜ እዚያ አይሠራም፣ ማሽኑ ነው የሚቀረው። ሥራው ከነቁፋሮው ከ10,000 ፓውንድ ሊያልፍ ይችላል። የፍሳሽ ባለሙያ ለብቻው ይላኩ፣ ሰርቬየሩ ክዳኑን እንኳ ላይከፍተው ይችላል። ታንኩ ጎረቤት መሬት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ገብቶ የማስጠገን መብት በወረቀት መኖሩን ይጠይቁ። ይኸው ሸክላ መሠረትም ያነቃንቃል፣ በተለይ ትልቅ ዛፍ ከቤቱ አጠገብ ካለ።

የማሞቂያው ዘይት እንደ ጋዝ በቧንቧ አይመጣም። በመኪና ይመጣል፣ ብዙውን ጊዜ ከ500 ሊትር ጀምሮ ነው የሚሸጠው፣ የሚከፈለውም በቅድሚያ ነው። የኃይል ዋጋ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጌም የሚያወጣው የዋጋ ጣሪያ ጋዝና ኤሌክትሪክን እንጂ ዘይትን አይመለከትም። ዲሴምበር ላይ ታንኩ ባዶ ሆኖ ካገኙት በዕለቱ የተጠራውን ዋጋ ይከፍላሉ። የመንደር ሰው ተሰባስቦ በጋራ የሚያዝበት ቦታ አለ፣ ከገቡ ይጠይቁ። ኤሌክትሪኩንም ሳይገዙ ያስመርምሩ። የድሮ መስመር ላይ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጎርፍ አልጠየቁኝም፣ ግን ልናገር። ሄድኮርን አጠገብ ቤልት የሚባል ወንዝ አለ። ወደ ታች ወርዶ ያልዲንግ የምትባል መንደር ጋ ከሜድዌይ ጋር ይገናኛል። በ2013 ገና ሰሞን ያልዲንግ ክፉኛ ተጥለቅልቃለች። የመንግሥትን የጎርፍ ካርታ በፖስት ኮድ በነፃ ማየት ይቻላል። ዛሬ ማታ ይዩት። ከ2009 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ መድን ሰጪዎች ፍለድ ሪ በሚባለው ሥርዓት በተመጣጣኝ ዋጋ ሊሸፍኑት ይችላሉ፣ ይህ ሥርዓት የሚቆየው ግን እስከ 2039 ነው። የእርስዎ ሞርጌጅ ከዚያ በኋላም ይቀጥላል።

አሁን ባቡሩ። ከሄድኮርን ለንደን ብሪጅ አንድ ሰዓት ገደማ መሆኑ እውነት ነው። ግን ያ ባቡር ላይ የሚቀመጡበት ጊዜ ነው። ቤቱ ከጣቢያው 3 ማይል ይርቃል። የገጠር መንገድ የእግረኛ መሄጃም መብራትም የለውም፣ ስለዚህ መኪና ያስፈልጋል፣ ጣቢያ ላይ የማቆሚያ ክፍያ አለ። ሺፍትዎ በእንግሊዝ ሰዓት 7:30 ጀምሮ ማታ 8:00 የሚያልቅ ከሆነ፣ ከ5:30 በፊት ከቤት ወጥተው ወደ 10:00 ገደማ ይመለሳሉ። ያን ቀን ልጆችዎን ነቅተው አያገኟቸውም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ያውም አንድ ባቡር ሳይሰረዝ።

ቲኬቱም ለእርስዎ ሥራ አይመችም። የዓመት ሲዝን ቲኬት (ዓመቱን ሙሉ የሚያመላልስ) ዋጋው የሳምንቱ ቲኬት 40 እጥፍ ነው፣ የሚያዋጣው በሳምንት አምስት ቀን ለሚሄድ ነው። ፍሌክሲ ሲዝን የሚባለው በ28 ቀን ውስጥ የ8 ቀን ጉዞ ይሰጣል። እርስዎ በ28 ቀን 13 ሺፍት ያህል አለዎት። ከሁለቱ መሐል ወደቁ። ሁለቱንም አስልተው ያወዳድሩ።

ሥራውን ወደ ሜይድስተን ወይም ፔምበሪ ሆስፒታል መቀየር አንዱ መንገድ ነው። ሕይወቱ በብዙ ይቀላል። ግን መሐል ለንደን የሚሠራ ነርስ ከመሠረታዊ ደመወዙ 20 በመቶ ያህል የለንደን ጭማሪ አለው። ሜይድስተን ላይ እሱ የለም። ባንኩ ብድሩን የሚያሰላው አሁን ባለው ደመወዝ ከሆነና ከስድስት ወር በኋላ ሥራ ከቀየሩ፣ ክፍያው ያው ሆኖ ገቢው ይቀንሳል። ሒሳቡን በዝቅተኛው ደመወዝ ይሥሩት። የባለቤትዎ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። የመጀመሪያውን አውቶቡስ የሚያወጣ ሹፌር ባቡር ሳይጀምር ነው ሥራ የሚገባው። በየሌሊቱ ከኬንት እየነዳ ሊመጣ፣ ከዚያ ሌላ ስምንት ሰዓት ሊነዳ ነው? ይህ የድካም ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የሕይወት ጉዳይ ነው። እሱ ኬንት ውስጥ ሥራ ሳያገኝ ይህ ግዢ አይታሰብ።

ልጆቹን በተመለከተ የ9 ዓመቱ ልጅ ጊዜው ደርሷል። ኬንት እስከ ዛሬ የግራመር ትምህርት ቤት፣ ማለትም ተማሪን በፈተና የሚመርጥ ሁለተኛ ደረጃ፣ ሥርዓት ያላት ናት። ፈተናው የሚሰጠው ስድስተኛ ዓመት ሲጀምር በሴፕቴምበር ነው፣ ምዝገባው ግን ከዚያ በፊት በጁን ነው። የሁለተኛ ደረጃ ማመልከቻ ኦክቶበር 31 ይዘጋል። ቤት እስኪገዛ ብላችሁ ምዝገባውን እንዳታሳልፉት። ለንደን እየኖራችሁም መመዝገብ ትችላላችሁ።

ስለ መንደር ኑሮም እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ ከለንደን ወጥቼ መንደር ስገባ የመጀመሪያው ዊንተር ከብዶኝ ነበር። በእንግሊዝ ሰዓት በ4:30 ይጨልማል፣ ሰው አይታይም። ሰዉ ክፉ አይደለም፣ ግን ራሱ መጥቶ በር አያንኳኳም። መንገዱ በልጆች ትምህርት ቤትና በመንደሩ አዳራሽ በኩል ነው። ወላጆች ለሚያዘጋጁት ነገር ዳቦ ጋግራችሁ ሂዱ፣ በስድስት ወር ውስጥ ስማችሁን የማያውቅ አይኖርም። ቤተ ክርስቲያን ግን አስቡበት። እሑድ የመጀመሪያው ባቡር ዘግይቶ ነው የሚነሣው፣ ሐዲድ የሚጠገነውም በአብዛኛው እሑድ ነው። ለቅዳሴ በጊዜ መድረስ በመኪና ካልሆነ ይከብዳል። የፋሲካ ሌሊት ሲወጡ የሚመልስ ባቡር የለም። ለአንዳንድ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር ነው። ለአንዳንዱ ግን በሁለተኛው ዓመት ወደ ለንደን ያስመለሰው ይኸው ነው። ስለዚህ ከባለቤትዎ ጋር በግልጽ ይነጋገሩበት።

ምክሬ ይህ ነው። ይህን ቤት ተዉት። መንደሩን አልተውም ካላችሁ ግን ጥሩ ነው፣ አካባቢው ለልጆች መልካም ነው። ሄድኮርን፣ ስቴፕልኸርስት ወይም ማርደን ውስጥ፣ ከጣቢያው በእግር 15 ደቂቃ በማይበልጥ ቦታ፣ በ1960ዎቹ ወይም በ70ዎቹ የተሠራ ተራ ቤት ፈልጉ። ሊስትድ ያልሆነ፣ ከሕዝብ የፍሳሽ መስመርና ከጋዝ ጋር የተገናኘ ይሁን። ፎቶው አያምር ይሆናል። ግን ባለቤትዎ ሌሊት ሺፍት ሲሆን እርስዎ በእግር ጣቢያ ይደርሳሉ፣ የ9 ዓመቱም ልጅ ሲያድግ ራሱ ወጥቶ ይገባል።

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩት። መጀመሪያ የኮንዶሚኒየሙን ግምት አስመጡና መሸጥ ወይም መያዝን ወስኑ። ባለቤትዎ ኬንት ውስጥ ሥራ ይፈልግ። ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ላይ ለአንድ ሳምንት እዚያ ክፍል ተከራይታችሁ ከሥራ ተመላለሱ፣ እሑዱንም ጨምሩ። ቤት የምታዩት ከዚያ በኋላ ነው።

ለኤጀንቱ ነገ ጠዋት ይደውሉለት። እሱ የሚሠራው ለሻጩ ስለሆነ ሊያግባባዎት ይሞክራል፣ «ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው» ሊልዎትም ይችላል። አመስግነው፣ ሐሳባችንን ቀይረናል ብለው፣ በኢሜይል አንድ መስመር ይላኩለት። ውል ስላልተለዋወጣችሁ ለሻጩ የምትከፍሉት ነገር የለም። ሶሊሲተር ከያዛችሁ ግን ሥራውን ከመቀጠሉ በፊት ዛሬውኑ አስቁሙት፣ እሱ በሠራው ልክ ያስከፍላል።